ነጭ ነገር ስቀሉልኝ

አባቴ ታንኳዋን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ ውሃው ሲለቃት አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ወረታ ስትደርሱ ማማው ላይ ነጭ ነገር ስቀሉልኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላየሁ እመጣለሁ።»

ከዚያ ፊቱን አዞረና ወደ ላሟ ሄደ። እናቴ ልትመልስለት አፏን ከፍታ ነበር፤ ታንኳዋ ግን ከደረቁ ርቃ ነበር። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ አጣጥፋ፣ ጡቶቿ መሐል ሸጎጠችው። እንዳይረጥብባት ነው። ያለን ነጭ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

እኛ የቁሐር ሚካኤል ሰዎች ውሃ አይገርመንም። ሩዝ የምንዘራውም ውሃ ስለሚተኛበት ነው፤ ቤቶቻችንም ከፍ ከፍ ባሉ ጉብታዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ውሃው ጉልበት ሲደርስ ልጆች ይንቦጫረቁበታል፤ ወገብ ሲደርስ ከብቱ ወደ ደጋ ይነዳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሰው ይወጣል። ሁሉም ተራ አለው። አንድ የቆየ ሥርዓትም አለን። ከቤተሰቡ ግማሹ ተሻግሮ ግማሹ ከቀረ፣ የተሻገረው ደኅና መድረሱን ከማዶ በምልክት ያሳያል፤ የቀረው ውሃ ሳይገባ ይጠብቃል። የቀረውም ምልክቱን ሲያይ ኩበት ያጨሳል፤ «አይቻለሁ፣ ደኅና ነኝ» ማለት ነው። ድሮ ምልክቱ የሚሰቀለው መንገድ ዳር ከነበረች ዋርካ ላይ ነበር አሉ። ዋርካዋ ከወደቀች ወዲህ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ወረታ ጫፍ ካለው ማማ ላይ ነው።

ምልክቱ ሳይታይ ከመሸስ? ይህም የታወቀ ነው። የተሻገሩትን ውሃ በልቷቸዋል ማለት ስለሆነ የቀረው ሰው ሊፈልጋቸው ይገባል። በየክረምቱ ውሃ ወሰደው ከሚባለው ሰው ብዙው እንዲህ ሌላ ሰው ሊፈልግ የገባ ነው። አባቴ «እመጣለሁ» ያለው ይህንን ነበር። ስልኩ ባትሪው ካለቀ ሰንብቷል፤ የመብራት ምሰሶውም ከዘመመ ቆይቷል። ነጠላው ካልታየው ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ያን ውሃ አይወጣውም። እናቴም እኔም ሳንነጋገር ገብቶናል።

የቀረው በላሟ ምክንያት ነው። አምና ከብቶቻችን በበሽታ አልቀው አንድ በሬና አንዲት ላም ብቻ ቀሩን። በሬው ከጎረቤት በሬ ጋር እየተቀናጀ ያርሳል። ላሟ ግን ሌላ ናት። መንጋ በነበረን ጊዜ ከፊት የምትሄደው እሷ ነበረች፤ አባቴ ስሟን ሲጠራ ከየትም ትመጣለች፣ ሌሎቹም እሷን ተከትለው ይመጣሉ። ያን ሰሞን ወሯ ገብቶ ሆዷ ወርዶ ነበር። ጎረቤቶቻችን ከብታቸውን ወደ ደጋ ሲነዱ አባቴ «ትውለድና እነዳታለሁ» ብሎ በሬውንም አስቀረው። መውለዷን ሲጠብቅ ወንዙ ጠርዙን ጥሶ በአንድ ሌሊት ግቢያችን ገባ። ቀኗ የደረሰ ላም ደግሞ እንዲያ ያለ ውሃ ዋኝታ አትሻገርም።

እኔ ያን ክረምት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባዬን እጠብቅ ነበር። ሻንጣዬ እንኳ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቆጥ ላይ ሰቅለነው መጣን።

ታንኳዋን የሚቀዝፍልን ጎረቤታችን ነበር። መንገዱ ዳር እስክንደርስ ታንኳዋ የተሠራችበት ደንገል ውሃ እየጠጣ ከበደ። እናቴ ገና አስፋልቱን ሳትረግጥ፣ ተመልሶ ባሏን እንዲያመጣላት ለመነችው። ሰውየው ታንኳዋን በእግሩ ጫን አደረጋት፤ ወዲያው ወደ ውስጥ ገባች።

«ይቺ እንግዲህ ጠግባለች» አለ። «ፀሐይ ሳይመታት ደግሜ ባወጣት አሣ ሆኜ ነው የምቀረው። አባወራሽ ምልክቱን ካየ አርፎ ይቀመጣል። ቶሎ ብላችሁ ምልክቱን አሳዩት።»

ወደ ከተማ የሚገቡት የጭነት መኪኖች ጭቃ እየረጩብን በእግር ሄድን። እሑድ ነበር፣ ፍልሰታ ነበር፤ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች እስከ ወገባችን መርጠባችንን ሲያዩ መንገድ ይለቁልን ነበር። እናቴ እጇን ከደረቷ አላነሳችም።

ማማውን ከዚያ በፊት የማውቀው በትምህርት ቤት ጉብኝት ነው። በድሮ ጦርነት ለወደቁ ሰዎች መታሰቢያ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ታቹ የጥቁር ድንጋይ ግንብ፣ ላዩ ብረት ነው። መሰላሉ ውስጡን እየተጠማዘዘ ይወጣና አናቱ ላይ ዙሪያውን የታጠረ መቆሚያ ያገኛል። ሰባተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን አሰልፎ ወሰደን፣ የአደይ አበባ አስቀመጥን፣ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ቆምን፣ ከዚያ በየተራ ወጣን። ከላይ ሆኜ ባንድ ወገን የጣራ ገዳምን ተራራ፣ በሌላው ወገን ጣናን አየሁ። ከዚያ የራሳችንን ቆርቆሮ ስታበራ አገኘኋትና እጄን አወዛወዝሁ። ማታ ለአባቴ ስነግረው «አይቸሻለሁ እኮ፤ በቀኝ እጅሽ ነው ያወዛወዝሽው» አለኝ። ሲቀልድ ነው። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር።

ሲሠራ ዙሪያው ባዶ ሜዳ ነበር ይላሉ። አሁን የሩዝ መፈልፈያዎች ከበውታል። ቀኑን ሙሉ ማሽኖቹ ያጓራሉ፣ ጆንያ ይጫናል፣ ይራገፋል። ከሩዙ የሚላጠው ገለባ ከመፈልፈያዎቹ ጀርባ ተከምሮ ራሱን የቻለ ኮረብታ ሆኗል። ማን እንደለኮሰው አይታወቅም። ከላዩ ዝናብ ይወርድበታል፣ ውስጥ ውስጡን ግን ይነዳል፤ በጋ ከክረምት ይጨሳል። በዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው ነጭ ልብስ ውጭ አያሰጣም። ይህን እናውቅ ነበር፤ ግን በዚያች ሰዓት አላሰብነውም።

የማማው በር በሰንሰለት ተቆልፏል። ዘበኛው አሮጌ የወታደር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሽምብራ ይቆረጥማሉ። እናቴ እንደ ደንቡ ሰላምታ ሰጥታ እንዲከፍቱልን ጠየቀቻቸው።

«ክረምት አይወጣበትም እመቤቴ» አሉ። «ብረት ነው፤ መብረቅ ይወደዋል።»

እናቴ አንድ ነጠላ ሰቅላ ወዲያው እንደምትወርድ ነገረቻቸው።

«ነጠላ ለማስጣት ከሆነ አጥሩም ይበቃዎታል።»

ያኔ እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ላሟን፣ ታንኳዋን፣ ባሏ ያለውን። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ እንደ ሌላ ሰው ወሬ አወራችው። ሽማግሌው ሽምብራውን ኪሳቸው ከተቱ። ግን እጃቸው ወደ ቁልፉ አልሄደም። ያለ ኃላፊው ፈቃድ ከፍተው አንድ ሰው መብረቅ ቢመታው ተጠያቂው እሳቸው እንደሆኑ፣ ኃላፊው ደግሞ ዛሬ ቢሮ እንደማይገቡ ነገሩን።

እኔ የተባልሁትን የማደርግ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ተሰለፉ ሲባል መጀመሪያ የምሰለፈው እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ከመከራከር ኃላፊውን መፈለግ ይሻላል ብዬ ሮጥሁ። ቤታቸው የሉም፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ለቀብር ሄደዋል አሉኝ። በመጨረሻ ከቀብር ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ቆመው ሰሙኝ፤ ደግ ሰው ናቸው። ዘበኛው ጋ ደወሉ፣ አይሠራም።

«የእሱም ስልክ እንደ ማማው ክረምት ክረምት ዝግ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና የያዙትን ጃንጥላ አጥፈው ሰጡኝ። እጀታው በሽቦ የታሠረ አሮጌ ጃንጥላ ነው። «ይቺን አሳዪው። ከእጄ እንደማትለይ ያውቃል።»

ዝናብ እየጣለ ነበር። ራሳቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሄዱ።

ዘበኛው ጃንጥላውን ተቀብለው ሽቦውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «በዝናብ ከሰጡሽማ እውነት ነው» አሉና ሰንሰለቱን ፈቱ። ስመለስ ግን ቀኑ ወደ ተሲያት አጋድሎ ነበር።

እናቴ መሰላሉን በእጅ በእግሯ ወጣችው። ከዚያ በፊት ፎቅ ላይ ወጥታ አታውቅም። አናቱ ላይ ስንደርስ መቀነቷን ፈታ ነጠላውን ጫፍና ጫፉን ከብረቱ ጋር አሠረችው። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ቤታችን በኩል አየች። እኔም አየሁ።

ምንም አልነበረም። ክምሩ የሚጨሰው ልክ በዚያ በኩል ነበር። ዝናቡ ጭሱን ወደ ላይ እንዳይሄድ ተጭኖት፣ ማማውን ከቦ ግራጫ ግድግዳ ሆኗል። ሜዳው የለም፣ ውሃው የለም፣ ቁሐር የለም።

«እኛ ካላየነው እሱም አያየንም» አለች እናቴ። «ልጀ፣ ውረጅና ይኼን ጭስ አስቁሚልኝ።»

ወደ መፈልፈያዎቹ ሮጥሁ። አንድ ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ነገርሁት፤ ክምሩ የእሱ እንዳልሆነ፣ ከጎን ያሉትን እንድጠይቅ ነገረኝ። ከጎን ያለው ደግሞ ወዲያኛውን አሳየኝ። አንዲት ሩዝ የምታበጥር ሴት ሰፌዷን ይዛ ስትሰማን ቆይታ ሳቀች።

«አትልፊ የኔ እህት» አለችኝ። «ይኼ ክምር ሲደፋበት የሁሉም ነው፤ ሲጠየቅ የማንም አይደል።»

አባቴ ውሃ ውስጥ ሊገባ ነው አልኋት። ሰፌዱን አስቀመጠች። ለምን እንደሚገባ አልጠየቀችኝም፤ የዚያው አገር ሰው ናት፣ ገባት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ሌሎቹን አበጣሪዎችና ሸክመኞቹን ሰብስባ፣ አካፋና ባልዲ አስመጣች። በመጀመሪያ ውሃ ደፋንበት። ከውስጥ የተኛ እባብ የተነሣ ይመስል እስ አለና ከበፊቱ የባሰ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ማማው ወጣ። አንዱ ሸክመኛ «እኛ ልናጠፋው፣ እሱ ሊያጠፋን» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ማንም አልሳቀለትም። ከዚያ ጭቃ እየዛቅን ልናለብሰው ጀመርን። ባንድ በኩል ስንደፍነው በሌላ በኩል ይፈነዳል። ሸክመኞቹ የላስቲክ ጫማቸው እስኪቀልጥ ክምሩ ላይ ወጥተው ረገጡት። እኔም መዳፌ እስኪላጥ ዛቅሁ። አሁንም ብዕር ስይዝ ጠባሳው ይታየኛል።

ቀና ባልሁ ቁጥር እናቴን አላያትም። ስታስል ብቻ እሰማለሁ። ሳሉ በቆመ ጊዜ ደግሞ ይብስ እፈራለሁ።

የፀሐይዋን መጥለቅ ያወቅነው ጭሱ ስለቀላ ነው። ጭሱ ለጥቂት ጊዜ የጎመን ዘር የሚያህል ቀዳዳ እንኳ ሳይከፍት ቀልቶ ቆየና እንደገና ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። አበጣሪዋ ሴት አካፋውን ከእጄ ወሰደች። በቀሚሷ ጫፍ ፊቴን ጠረገችኝ።

እናቴን ዘበኛው እጇን ይዘው አወረዷት። ነጠላውን ፍቺ ቢሏት እምቢ አለች። እሳቸው ጎጆ ውስጥ አደርን። ሽምብራ ሰጡን፣ ማናችንም አልቀመስነውም። ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትል ነበር፤ አትግባ፣ አትግባ፣ አትግባ። ጸሎት ነው ልበል፣ ለእሱ የምትናገረው ነው ልበል፣ አላውቅም።

ሊነጋጋ ሲል ነፋሱ ዞረ። ከጣና በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ መጥቶ ጭሱን ወደ ከተማው ገፋው። ዘበኛው ቀድመውን ነቅተው ኖሮ በሩን አንኳኩተው «ተገልጧል» አሉን። እየተገፋፋን ወጣን።

የፎገራ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ነበር። ገና ቀለም ያልያዘ ውሃ፣ ዛፎቹ ከውስጡ እንደ ችግኝ ጫፋቸውን ብቻ አውጥተዋል። የቁሐር ሚካኤልን ደን አገኘሁት፤ ከደኑ መሐል ጭስ ይወጣ ነበር፣ እዚያ ሰው አለ። ከዚያ ወደ ግራ የእኛን ጉብታ ፈለግሁ። ቆርቆሯችንን አገኘኋት። የዚያን ጊዜ ልጅ ሆኜ እንዳየኋት ነበረች፤ ግን አታበራም፣ ግማሿ ውሃ ውስጥ ነው።

ጠበቅን። ነጠላው ተሰቅሏል፣ ሜዳው ተገልጧል፣ አሁን ማየት አለበት። ካየ ያጨሳል። ዓይናችንን እስኪያነባ ተከልን። ጭስ አልነበረም።

«አላጨሰም» አለች እናቴ።

ኩበቱ ረጥቦበት ይሆናል አልኋት። እናቴ ነጠላውን ከብረቱ መፍታት ጀመረች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ አዘቅዝቃ ልትለብሰው ነው፣ እንደ ሐዘንተኛ። ዘበኛው እጃቸውን ቋጠሮው ላይ አሳረፉ።

«መርዶ ሳይመጣ ነጠላ አይዘቀዘቅም» አሉ። «ይኼ ማማ ሙታን ሞልተውታል እመቤቴ። እርስዎ ደግሞ አይጨምሩብኝ።»

እሷ እየፈታች እሳቸው እየያዙ ሲታገሉ ከታች የአበጣሪዋ ሴት ድምፅ መጣ። እኔን ነው የጠራችው፤ ስሜን ስለማታውቅ «አንቺ ባለ ነጠላዋ» አለችኝ። በሬ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ አለ፣ አይናገርም፣ የእናንተ እንደሆነ ኑና እዩት አለች።

እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም።

በሬያችን ከመፈልፈያው ምሰሶ ጋር ታሥሮ ቆሟል፣ እስከ ቀንዱ ጭቃ ነው። አባቴ ክምሩ ስር ተቀምጧል። ራቁቱን ነው ማለት ይቻላል፤ ትከሻው ላይ ሰው የጣለለት ባዶ ጆንያ አለ። እኛ ትናንት ልናጠፋው ስንታገል ከዋልነው ገለባ ላይ እጁን ዘርግቶ ይሞቃል። ጀርባውን ለማማው ሰጥቷል። ቆይቶ እንደነገረን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የበሬውን ጅራት ይዞ ገባ፤ ማማው ስላልታየው በጭሱ ሽታ እየተመራ መጣ። ጎሕ ሳይቀድ ማማው ስር ደርሶ ቀና ብሎ አየ። ነጭ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማንንም ለመጠየቅ ፈራ። መጠየቅ መርዶ መቀበል ነው። ስለዚህ ተቀመጠ።

እናቴ ፊት ለፊቱ ቆመች። ቀና ብሎ አያት፣ ዓይኑን መልሶ ፍሙ ላይ ጣለ፣ እንደገና አያት።

«ሞታችኋል ብየ ነው የመጣሁት» አለ።

«ሞተን ቢሆን ምን ልታደርግ ነው የመጣኸው?» አለችው። የተቆጣች ትመስል ነበር።

«ላወጣችሁ።»

እናቴ አጠገቡ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። እኔ እግሩን ያዝሁት፤ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። አበጣሪዋ ሴት እልልታ ልታሰማ አፏን ከፍታ ፊቱን ስታይ ተወችው። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት እናቴ ስለ ላሟ ስትጠይቀው ነው። ጆንያውን ትከሻው ላይ ሳብ አደረገ።

«ወልዳለች» አለ።

«ምን?»

«ሴት።»

በእኛ ቤት ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረም። ከሁለት ዓመት ጀምሮ ጊደር እንድትወልድ ለሚካኤል ተስለን ነበር። አባቴ ግን እንደ ጥፋት ነው የተናገረው። ወደ ማታ ወለደች አለ። ጥጃዋን በጋቢው ጠቅልሎ ቆጡ ላይ፣ ከሻንጣዬ ጎን አስተኛት። ላሟ እግሯ አልጠናም ነበር፣ ግን ጥጃዋን ለመላስ አንገቷን ወደ ቆጡ ታንጠራራ ነበር። ውሃው ሆዷ ደርሶ ነበር። ፀሐይዋ ጠለቀች፣ ነጩ ነገር አልታየም፣ በሬውን ይዞ ወጣ። ከኋላው ጮኸች አለ። መንጋ በነበረን ጊዜ ጥጃ ኋላ ሲቀርባት እንደምትጮኸው። ዞሮ አላየም።

ትንሽ ሙቀት ሲሰማው ተነሣና ወደ ማማው ሄደ። ዘበኛው ጃንጥላ አልጠየቁትም፣ መብረቅም አላነሡም፤ ከበሩ ዞር አሉለት። መሰላሉን ቀስ ብሎ ወጣ፣ እኛም ተከተልነው። አናቱ ላይ ሲደርስ በመጀመሪያ ያየው ነጠላውን ነው። ሌሊቱን ዝናብና ጥላሸት ሲፈራረቁበት አድሮ የክምሩን መልክ ይዞ ነበር። በሁለት ጣቱ ያዘው።

«ይኼ ነው ነጩ?» አለ።

«ነጭ ነበር» አለች እናቴ።

ወደ ቁሐር ዞረና ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ላሟን በስሟ ጠራት። ማሽኖቹ ገና አልተነሡም፤ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጥሪ ነው፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣና መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ከዚያ ማማ እስከ ቤታችን ሰው ቢጮህ አይሰማም፣ ነጋሪት ቢመታም አይሰማም። አባቴ ይህን ያውቃል። ጠራና ጆሮውን አዘንብሎ አደመጠ። ዘበኛው ኮፍያቸውን አወለቁ። ደግሞ ጠራት።

ከታች፣ ከመፈልፈያው ምሰሶ፣ በሬው መለሰ።

አባቴ ሦስተኛ አልጠራም። ብረቱን ይዞ ቆመ። እናቴ ያን የጠቆረ ነጠላ ፈታ አለበሰችው።

ታንኳዋ ፀሐይ ሲመታት ጎረቤታችን አባቴን ይዞት ሄደ። የቤታችን ግድግዳ በአንድ በኩል ፈርሶ ቆጡ ወርዶ ነበር። ሻንጣዬን ሩዝ ማሳው ውስጥ አገኙት። ላሟም ጥጃዋም አልነበሩም፤ ሬሳቸውም አልተገኘም። አባቴን እረፍት የነሣው ይኼ አለመገኘታቸው ነው። ውሃ የወሰደው ከብት አንዳንዴ ከታች መንደር ዳር ይወጣል፤ ያገኘው ሰው ከመንጋው ቀላቅሎ ያሰማራዋል። ይህ ሆኖ ያውቃል። ስለዚህ ውሃው ከጎደለ በኋላ በእግሩ መንደር ለመንደር ዞረ። ዞሮ ሲደክመው ማማው ላይ ወጥቶ መፈለግ ጀመረ።

እኔ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ፤ የመጀመሪያ ዓመት። ሻንጣዬ ጭቃው ታጥቦ አልጋዬ ስር አለ፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። መምህራኖቼ የሚሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ፣ የቤት ሥራዬንም ከቀኑ በፊት አስረክባለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ አገራችን መታሰቢያዎች ሲወራ የእኛን ማማ አንሥቼ አላውቅም። ምን ብዬ እንደምናገር ስለማላውቅ ነው። እሑድ እሑድ ወደ ቤት እደውላለሁ። የምታነሣው እናቴ ናት። ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ምግቤ ትጠይቀኛለች። አባቴን አቅርቢልኝ ስላት ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፤ ማማው ላይ ነው። ዘበኛው ቁልፉን ሰጥተውታል፣ አሁን ቀደም ብሎ እሱ ነው የሚከፍተው።

ባለፈው እሑድ እንዲሁ ማማው ላይ ነው አለችኝ። አየሩ ጥርት ያለ ነው፣ ጭሱም ወደ ከተማ ነው የሚሄደው፣ እስከ ጣና ድረስ ይታያል አለች።

«ምን አየ ታዲያ?» አልኋት።

«የሰው ከብት።»